አሳማውን የፈራው እጅ

ማለዳ፣ ደሴ

የወሎ ሰው ከአሳማ ጋር ጉዳይ የለውም ይባላል። ውሸት ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ባለ አንድ የአሳማ እርባታ መኖ የሚያቀርበውና በረት የሚጠርገው የአምባሰሉ ልጅ ሰይድ ነው። ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ለእናቱ ገንዘብ ይልካል። እናቱ የሚያውቁት ግን ላም እንደሚያልብ ነው።

ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያው ተነሣን። አጠገቤ የተቀመጠችው ትርሲት የእርባታው የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። እኔ የሐይቅ ዓሣ አምሮኝ ነው የመጣሁት፤ እሷ ግን የመጣችው ለሰይድ እጅ ነው። በቅርቡ የእርባታው ግልገሎች የኋላ እግራቸው ከዳቸው። እንደ ውሻ በቂጣቸው ተቀምጠው ተንቀጠቀጡ፤ ጥቂቶቹም ሞቱ። ሰይድ ለእረፍት አገሩ ገባና ደወለላት፦ «ዶክተርዬ፣ እጄም እንደነሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።»

ረፋድ፣ ሐይቅ

መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ ከተማዋ ውስጥ ይጥለናል። ባጃጅ፣ የሽንኩርት ክምር፣ ከሐይቁ የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር ቀረበ። ትርሲት አልነካችውም።

«የምርመራው ውጤት አልመጣም?»

«መጥቷል። ቴስኮ የሚባል የአሳማ ቫይረስ ነው። በአፍ ገብቶ አንጀት ውስጥ ይራባል፤ አንዳንዴ እስከ አከርካሪና አንጎል ይዘልቃል። ሰው ሲይዝ አልታየም።»

«ታዲያ ብዪ እንጂ!»

«ሌላ ቫይረስም አብሮት ተገኝቷል። በቅርቡ የታወቀ ነው፤ ጠባዩን ገና አልለመድነውም።»

«ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ግን ገዳይም ለቅሶ ይደርሳል።»

እስያ ውስጥ ከአሳማ ወደ ገበሬ ተሻግሮ አንጎል ያሳበጠ ቫይረስ እንደነበር እኔም አንብቤአለሁ። የእሷንም ዓሣ በላሁላት።

ቀትር፣ ውጫሌ

«የማን እንግዶች ናችሁ?» አለን ከውጫሌ የጫነን ባለባጃጅ።

«የሰይድ።»

«አብሽሩ! ዛሬ ወዳጃ ተይዞለታል። አገሩ ሁሉ እዚያው ነው።»

ወዳጃ ማለት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫቱን ይዞ፣ ለአንድ ሰው ጭንቅ በጋራ የሚማጸንበት ጉባኤ ነው። አንድ ደንብ አለው፤ የተጨነቀው ሰው ሐጃውን፣ የሚማጸንበትን ጉዳይ፣ በራሱ አፍ መናገር አለበት። ይህን ስሰማ ስለ እጁ ሳይሆን ስለ አፉ ሠጋሁ።

ከሰዓት፣ ከውጫሌ በላይ

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል። ሰይድ ከሁሉም ርቆ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ላብ አጥምቆታል፣ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሚስቱ በቅርቡ የተወለደችላቸውን ሕፃን ታቅፋ ከጓዳ ታየዋለች። ከመጣ ጀምሮ ልጁን አንድ ጊዜም አላቀፋትም።

«ሐጃህን ተናገር» አሉት ዱዓውን የሚመሩት ሼህ።

«እጄ...»

«እጅህንማ አየነው። ምን አገኘው?»

ሰይድ ትርሲትን አየ፤ እናቱን አየ። ከዚያ አወጣው። «ላም አላልብም። የምጠብቀው አሳማ ነው። አሳማዎቹ በነርቭ በሽታ እየወደቁ ነው። ይዞኛል ብዬ ነው ልጄን ያላቀፍኳት።»

እናቱ ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው የቀደሙት፦ «ላም ብለኸኝ! ቅቤ ላክልኝ ባልኩህ ቁጥር 'ላሞቹ ነጥፈዋል' ስትለኝ የኖርከው ለዚህ ነው?»

«በልተኸዋል?» አሉ ሼሁ።

«ወላሂ ቀምሼው አላውቅም!»

«እንግዲህ አህያም አንበላም። የጫናት ሁሉ ከአገር ይውጣ ካልን ገበያ ማን ይወርዳል? ያ ጀሊል፣ ይህን ልጅ አፊያ አርገው!»

«አሚን!» አለ ቤቱ። ከጥግ የሳቁም ነበሩ።

ትርሲት እጁን ይዛ አገላበጠችው፤ ከዚያ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ።

«በምንድን ነው የምትታጠበው?»

«አሳማ ርኩስ፣ ነጃሳ ስለሆነ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። ግልገሎቹ መውደቅ ሲጀምሩ ግን ይህ አይበቃም ብዬ በመድኃኒቱ።»

«በየትኛው መድኃኒት?»

ከማዕዘኑ ጠርሙስ አወጣ። አሳማዎቹን እከክ ሲይዛቸው የሚረጭባቸው የተባይ መርዝ ነው። «ቅማልን ከገደለ ቫይረሱን አያቅተውም ብዬ ነው። ለየሶላቱ መታጠቢያ ውሃዬ ላይ ጠብ አደርግበታለሁ።»

«አንተ ሰውዬ! ይህ እኮ በቆዳ ይገባል፤ ነርቭ ነው የሚይዘው!»

ሸሚዙን አስወለቀችው፤ በሳሙናና በብዙ ውሃ አሳጠበችው። በዚያው ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው ወረድን።

በማግስቱ፣ ውጫሌ

የጤና ጣቢያው ሐኪም ሌሊቱን ሲያክመው አድሯል። ትኩሳት የለውም፣ ምልክቱ ሁሉ የመርዝ ነው አለን፤ በጊዜ መጥቷል፣ ይድናል። ጠዋት ሰይድን ሻይ ይዞ አገኘነው። ብርጭቆው ትንሽ ይርገበገባል፤ ሻዩ ግን አይፈስም። ከትናንት ወዲህ ትርሲት ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ስትል አየሁ። ሁለተኛውን ቫይረስ መከታተሏን አትተውም፤ ይህን ሰው የጎዳው ግን እሱ አይደለም።

ሚስቱና እናቱ ሕፃኗን ይዘው ገቡ። ሰይድ ሐኪሙን ቀና ብሎ አየው። ሐኪሙ «እቀፋት» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ቀስ!» አሉ ወይዘሮ ዘሃራ፤ «አንገቷን ደግፍ! የመኖ ጆንያ መሰለችህ?»

ሰይድ ደገፈ። ልጅቱ አዛጋች፤ እሱ አለቀሰ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ የውጫሌን ባጃጆች ቆጠርኩ።

ከአሳማዎቹ የተጋባበት በሽታ የለም። የጎዳው ፍርሃቱ ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ የበቀለው ማንም ምንም ስላልነገረው ነው። የምርመራው ውጤት ለእርባታው ባለቤት ደረሰ፣ በረት ለሚጠርገው አልደረሰም።

አንተ አሳማ፣ ዶሮ ወይም ላም የምታረባ አንባቢ! እንስሳህ ሲታመም ምን እንደያዘው መጀመሪያ ለሠራተኛህ ንገረው። ሳሙናና ጓንት ግዛለት። መርዙን ቆልፍበት። ዛሬውኑ አድርገው።