አባቴ ያስለሰነው ቤት

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ድረስ እናደዳለሁ። ሰሞኑን ጎረቤቴ አጥሩን እያስለሰነ ነውና መስኮቴን ዘግቼ እውላለሁ። ሽታው ግን የተዘጋ መስኮት አያግደውም፤ ይዞኝ አቃቂ ይሄዳል፣ ከድሮው ምግብ ቤታችን በር ላይ ያቆመኛል።

ቤቱ ከአባቴ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል፣ በበጋ እንኳ ሲገቡበት ቀዝቀዝ ይላል። መጀመሪያ የባቡር ዕቃ ማከማቻ ነበር ይባላል። ቀጥሎ አንድ ጣሊያን ጋራዥ አደረገው። በደርግ ጊዜ ተወርሶ የቀበሌ ሱቅ ሆነ፤ እናቴ ለስኳር የተሰለፈችበትን ደረጃ እያሳየች ስታማርር አድጌያለሁ። መንግሥት ሲለወጥ አባቴ ከቀበሌው ተከራየና ምግብ ቤት ከፈተበት። ምሳ ሰዓት ላይ የጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ሠራተኞቹ የጥጥ ብናኙን ከፀጉራቸው ሳያራግፉ ይገባሉ፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከበር ጀምረው ጥብስ ያዛሉ። ከበሩ በላይ ባለው ድንጋይ ላይ የፈረንጅ ፊደልና ዓመተ ምሕረት ተቀርጿል። ቀና ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት መንገድ ይሰፋል ተባለና ግድግዳችን ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ። ከዚያ ቤት ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም። ቀበሌ ስመላለስ ያየችኝ አንዲት ጸሐፊ አዘነችልኝና፣ “ቤታችሁ የቆየ ከሆነ ቅርስ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ እስቲ ታሪኩን ጽፈሽ አመልክቺ” አለችኝ። ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴ መጥቶ ያያል ተባልን።

ለአባቴ ነገርኩት። “እንግዳ ሊመጣብን ነዋ” አለ እንጂ ሌላ አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። እሱ እንደሆነ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የግቢውን ውሻ ሳይቀር የሚያጥብ ሰው ነው።

እሑድ ምስክር ፍለጋ ሳሪስ አቦ ሄድኩ። አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በጉብዝናቸው ጆንያ ተሸክመው የገቡበትን ቤት አልረሱትም፤ “እመጣለሁ ልጄ፣ ምን ገዶኝ” አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ተመለስኩ። ስወርድ ቤታችን ጠፋኝ። ግንባሩ በሙሉ በሲሚንቶ ተለስኗል። አባቴ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየዋል።

“አየሽው? አዲስ ቤት እኮ መሰለ” አለኝ።

“አባዬ፣ አሮጌነቱን ነው ሊያዩ የሚመጡት። ነግሬህ አልነበረም ወይ?”

“ነግረሽኛል። ታዲያ የተቦረቦረ ድንጋይ ለሰው ይታያል? ነውር አይደለም እንዴ?”

ሲለስን ከዋለው ግንበኛ እጅ ማንኪያውን ነጥቄ ከበሩ በላይ ያለውን ልስን መፋቅ ጀመርኩ። ግንበኛው፣ “እኅቴ፣ አትልፊ፤ ሲሚንቶው እንዲይዝ ድንጋዩን በመሮ ወቅሬዋለሁ” አለኝ። እውነቱን ነበር። ፊደሎቹ በነበሩበት ቦታ የመሮ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። ማንኪያውን እንደያዝኩ በንዴት አለቀስኩ።

ሰኞ ኮሚቴው መጣ። ሽማግሌውም ቃላቸውን ጠብቀው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው መጥተው መሰከሩ። ከኮሚቴው ጋር የመጣው መሐንዲስ ግን ግድግዳውን በጣቱ ነካ አደረገና፣ “አባባ፣ ይሄ እኮ ገና አልደረቀም” አላቸው። አብረውት የመጡት ሳቁ። አባቴ ደግሞ “ቤት ያፈራውን ሳትቀምሱማ አትሄዱም” እያለ ይለምናቸዋል። አልቀመሱም። ሲሄዱ በአስተናጋጆቹ ፊት፣ “ለዶዘር ምን ሥራ አስቀረህለት? አንተው ራስህ አፈረስከው” አልኩት።

ቤቱ ከፋሲካ በኋላ ፈረሰ። አባቴ ሌላ ምግብ ቤት አልከፈተም፤ በሰው መጋዘን ጥበቃ ተቀጠረ። ቤቱን ማን አፈረሰው ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ “እኔ ነኝ” ይላል። ያልኩትን መልሼ አላውቅም ነበር፤ ይቅርታ ልጠይቀው አስብና ንዴቴ ይቀድመኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያቺን ጸሐፊ ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። በቃሊቲ በኩል ቅርስ ተብለው የተመዘገቡት ሁለት ቤቶችም ለዚያው መንገድ እንደፈረሱ ነገረችኝ። የመንገዱ ካርታ ያለቀው ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት ነው። ስንት ዘመን የተናደድኩት በከንቱ ኖሯል። ታክሲውን ትቼ በእግሬ ወደ አባቴ ሄድኩ።

“አባዬ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ድንጋዩን ቢያዩትም ያፈርሱት ነበር” ብዬ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት።

እፎይ የሚል መስሎኝ ነበር። ፊቱ ጠቆረ። “የነዚያን ቤት ከእኛ ቤት ጋር ታወዳድሪያለሽ?” አለኝ። “የእኛን ድንጋይ ያየ ሰው ጨክኖ አያፈርሰውም ነበር።”

ልከራከረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። “እውነትህን ነው፣ አያፈርሱትም ነበር” አልኩት። በዚያች ቃል ጥፋቱን መልሼ እንዳሸከምኩት የገባኝ ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነው።