ስልክ ውስጥ የጠፋችው ጸሐፊ

«ሰረቀችኝ! የዘጠኝ ዓመት ደንበኛዬን ከነቀለሟ ሰረቀችብኝ!»

እህቴ ናት እንዲህ የምትጮኸው። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ የሴቶችን ጸጉር ቀለም ትቀባለች፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ወንዶች እላጫለሁ። ምላጩን ከደንበኛዬ ጉንጭ ላይ አነሳሁ።

«ማን ናት የሰረቀችሽ፣ እታለም?»

«ማን ትሆናለች! ያቺው ናት እንጂ!»

«ያቺ» ማለት ከመንገዱ ማዶ የሴቶች ጸጉር ቤት ያላት ባለታብሌቷ ናት። ከእህቴ ጋር ባንድ ቀን ነው ሙያ የጀመሩት። እህቴ የእያንዳንዷን ደንበኛ የቀለም ቅልቅል፣ በስሟ ሳይሆን በሥራዋ እየጠራች፣ ደብተር ላይ ነበር የምትጽፈው፤ ገጹንም የምታገኘው በፈሰሰበት የቀለም ነጠብጣብ ነው። «ጸሐፊዋ? ቡኒው ነጠብጣብ ጋ።» ታዲያ አንድ ቀን ያቺ ታብሌቷን ነካ አድርጋ፣ አፏን አሞጥሙጣ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ባለፈው ሰባት ቁጥር ቀለም ነበር፣ ሠላሳ ደቂቃ ነው ያቆየንሽ» ስትል ሰማቻት። ከዚያ ወዲህ ቅናቱ እህል አላስበላትም።

ስልክ ላይ የሚጫን የማስታወሻ መተግበሪያ ፍለጋ ተጀመረ። የመጀመሪያው መሳቢያ ውስጥ መሳቢያ ነበር፤ ጸሐፊዋን የት እንደከተተቻት ጠፋት። ሁለተኛው ሰውን ከሰው በክር ያያይዛል፤ ማን የማን ምራት እንደሆነች ስታያይዝ ዋለች እንጂ አንድ ቅልቅል አልጻፈችም። ሦስተኛው ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው ነው፤ ቀላል፣ ደህና ነገር ነበር።

«ይሄማ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ! እሷ የያዘችው የቱን ነው? ሂድ እይልኝ!»

ሄድኩ። ማበጠሪያ ልዋስ ብዬ አንገቴን አስግጌ አየሁና ነገርኳት። ወዲያው ጫነችው፣ አንድ ወር ሙሉ ከደብተሩ ወደ ስልኩ ስትገለብጥ ከረመች፣ ደብተሩን ቦጫጭቃ ጣለችው።

አሁን የዘጠኝ ዓመት ደንበኛዋ፣ ጸሐፊዋ፣ መንገድ ላይ ናት። ይቺ ሴትዮ ስትመጣ የመሥሪያ ቤቷን ሴቶች በሙሉ አስከትላ ነው፤ ቀለሟ ከተበላሸ ሁሉም ተከትለዋት ማዶ ይሻገራሉ። እህቴ «ጸሐፊ» ብላ ብትፈልግ ስልኩ «ምንም አልተገኘም» ይላታል።

«ከማዶ ሆና ነው ያጠፋችብኝ!»

«በምን? በዓይኗ?»

«ወንድሜ፣» አለ የምላጨው ሰውዬ፣ «ግማሽ ጢም ይዤ ልሂድ እንዴ?»

ስልኩን ተቀበልኳት። እኔ ከሰባተኛ ክፍል የተሰናበትኩ ሰው ነኝ፤ የቱ «ጸ» የት እንደሚገባ ተጨንቄ አላውቅም፣ የመጣልኝን ነው የምጽፈው። እህቴም በዚህ እኔኑ ነው የምትመስለው። በፀሐዩ «ፀ» አድርጌ «ፀሃፊ» ብዬ ሞከርኩ። ብቅ አለች፤ ከነቅልቅሏ፣ ከነደቂቃዋ።

«ይኸውልሽ የተሰረቀችው። አንቺው ነሽ በሌላ ፊደል የደበቅሻት።»

ምስጋና የለ። ፊቷ ግን በራ።

«እንግዲያው ያቺም ስንቷን አጥታለች! እየፈለገች ስታጣ ነዋ እንደዚያ የምትሽኮረመመው!»

«እሷ አታጣም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች።»

«እንወራረድ!»

ተወራረድን፤ የተሸነፈ ለአንድ ወር የሁለታችንንም ወለል ይጠርጋል። ጸሐፊዋ መጣች፣ ተቀባች፣ መስታወቱን ሁለቴ አይታ ፈገግ ብላ ወጣች። ግን ማን ማዶ ሄዶ ያጣራ? እኔ በማበጠሪያው ተነቅቶብኛል። «ከደንበኞችሽ አንዷን እንላካ» ብላት እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ተገተረች።

«አንዲት ጸጉር ከዚህ አትሻገርም!»

ማን እንደተሸነፈ ስላልታወቀ መጥረጊያው መጋረጃው ሥር እንደተደገፈ ነው። ሁለታችንም ፀጉር ላይ እየተራመድን ነው።