የመዲና መደብ

ኮምቦልቻ ለጥቃቅንና አነስተኛ የተሠራልን ሼድ ስፋቱ ኳስ ያጫውታል። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ በፀሐይ ይጠብሰናል፣ በዝናብ ያደነቁረናል። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ ጥልፍ ጠላፊዋ ሁላችንም ጀርባ ተሰጣጥተን ነበር የምንሠራው። ምሳ እንኳ ወደ ግድግዳ ዞረን ነበር የምንበላ። ምን ዓይነት ኑሮ ነው?

ይህ መዲናን አንገሸገሻት። መዲና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወጥታ ልብስ ስፌት የገባች የሐርቡ ሴት ናት፤ ላመነችበት ነገር ማንንም አታስፈቅድም። አንድ እሑድ ጭቃና ጭድ አስቦክታ ከሼዱ መሀል፣ ምሰሶውን የከበበ ሰፊ መደብ ሠራች። ሲደርቅ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ አለበሰችው። ከዚያ ወዲያ ምሳ እዚያ ሆነ። ያመመው ይጋደምበታል፣ የተጣላ ይታረቅበታል፤ የጥልፍ ጠላፊዋ የፀሐይነሽ ልጅ ዳዴ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የሼዱ አስተባባሪ ደሳለው ግን ጥርሱን ነከሰባት። ስብሰባ ጠርቶ፣ ከክልል ጎብኚዎች ስለሚመጡ ያ የጭቃ ክምር ይፍረስ፣ አለዚያ መዲና ሼዱን ትለቃለች አለ። ሼዱን ከለቀቀች የስፌት መኪናዋን የምታሳርፍበት ቦታ የላትም። ደሜ ፈላ። ደሳለው ቀጠለና የጉብኝቱ ዕለት ሁሉም ሰው በየመደቡ እንዲገኝ አዘዘ። እንደ ገበያ መደብ፣ በተመደበለት ቦታ ማለቱ ነበር።

መዲና እጇን አወጣች። "በየመደባችን ነው ያሉት?"

"አዎ። ከመደቡ የሚነሳ ሰው እንዳላይ።"

ጎብኚዎቹ ሲገቡ የስፌት መኪናው ሁሉ ጸጥ ብሏል። ሁላችንም ምሰሶውን ከበን፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን መደቡ ላይ ተቀምጠናል። ደሳለው ፊቱ ተለዋወጠ።

"በየመደባችሁ አሉን፣ ይኸው ተገኘን" አለች መዲና ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። "የጭቃ ክምር ያሉትን ግን ወላሂ ፈልገን አጣነው።"

ጎብኚዎቹ ዞር ዞር ብለው ሄዱ። ደሳለው ተመልሶ መጣና መዲና ዛሬውኑ ዕቃዋን ታውጣ አለ። እሷ ከወጣች ሁላችንም እንደምንወጣ፣ ባዶ ቆርቆሮ ታቅፎ እንደሚቀር ነገርነው። ከመደቡ የተነሳ ሰው የለም። እሱ ፊታችን ተገትሮ ቀረ።

መዲና ጠጋ አለችና አጠገቧ ያለውን ጨርቅ በእጇ አስተካከለች።

"ቆመው ከሚውሉ ይቀመጡ እንጂ፤ ቦታ አለ።"

አልተቀመጠም። መደቡም አልፈረሰም።