የባንታምላክ ግራ እጅ

ባንታምላክ ሰው መናቅ የጀመረው ራኬት ከጨበጠ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚንቀው ሰው አልነበረውም፤ ከሱ በታች የሚገኝ ሰው ጠፍቶ። ዛሬ ግን ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ በምትባል ከተማ ባለው የሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የቴኒስ አስተማሪ ነው፤ እንደ አገሩ አስተማሪዎች ኡስታዝ ይባላል፤ ነጭ ኮፍያ አለው፤ የሚናቅ ሰውም ሞልቶለታል።

ርእሰ መምህሩን ይንቃል፤ ሰውየው በእርዳታ የመጣውን የቴኒስ መረብ ለአህያ ጋሪው የጭነት ማሰሪያ አድርጎት፣ ሜዳው የሚከፈለው በተሰፋ የሰሊጥ ጆንያ ነው። ወላጆችን ይንቃል፤ "ልጄን ኳስ ለቃሚ አደረግኸው" እያሉ ይመጡበታል። አብልጦ የሚንቀው ግን ተማሪዎቹን ነው።

እውነቱን ለመናገር ልጆቹ ያስቃሉ። በመኸር ግማሾቹ ከወላጆቻቸው ጋር ሰሊጥ ሲያጭዱ ይከርሙና፣ እነሱ ሲመለሱ ሰውነታቸው እርሻው ላይ ይቀራል። "ራኬት የሚያዘው የሰው እጅ እንደሚጨበጠው ነው" ይላቸዋል። "ጉልበታችሁን እጠፉ እንጂ ከወገባችሁ አትጉበጡ። ትከሻችሁን አዙሩ፤ ኳሷን ከፊታችሁ ምቷት።" እሺ ይላሉ። ኳሷ ስትመጣ ግን ያጎነብሳሉ፤ ግራ እጃቸው አገዳ ሊጨብጥ ይቀድማል፤ ቀኛቸው ራኬቱን እንደ ማጭድ ወደ ራሱ ይስባል። ኳሷ ጆንያው ሥር ትወድቃለች። ይባስ ብሎ ግራ እጃቸው ባዶውን ጭብጥ ወደ ኋላ ወስዶ መሬት ላይ ያጋድመዋል፤ ያጨደው ነገር ያለ ይመስል።

"የማን መሽሩዕ ላይ ነሽ?" ይላል ባንታምላክ። መሽሩዕ የባለሀብቶቹ ሰፊ እርሻ ነው። ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ የተጠየቀችው አትስቅም። ይህን ስድብ አዘውትራ የምትጠጣው ዕፀገነት የምትባል ቀጭን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። አንድ ቀን ግራ እጇን በነጠላዋ ከወገቧ ጋር አስሮ ሲያስመታት ዋለ። አላለቀሰችም፤ እሱም ደንዝዛለች ብሎ ይበልጥ ናቃት።

እሱ ራሱ ቴኒስ የተማረው ጎንደር፣ ክለብ ውስጥ እንደሆነ ለሰው ሁሉ አውርቷል። ወሬው ደርሷት ሳና የምትባል ሱዳናዊት፣ የአንድ የገዳሪፍ ከተማ የግል ትምህርት ቤት የስፖርት ኃላፊ፣ አሰልጣኝ ፍለጋ ዶካ ድረስ መጣች። የባንታምላክ ልብ ቀድሞ ገዳሪፍ ገብቷል። የሲሚንቶ ሜዳ፣ እውነተኛ መረብ፣ ሰሊጥ ሰሊጥ የማይሸት ልጅ። ከዶካ የሚያወጣው ሌላ በር እንደሌለ ያውቃል። ልጆቹን አሰልፎ "ዛሬ እንዳታዋርዱኝ፣ እናንተ አጫጆች" አላቸው።

ሳና ልጆቹን ዞር ብላም አላየች። "አንተ ምታ" አለችው በዐረብኛ፣ ራኬት አንስታ ከጆንያው ማዶ ቆመችና።

የመጀመሪያዎቹን አሳምሮ መለሰ። ጉልበቱም ትከሻውም እንዳስተማረው ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡለት። ሴትዮዋ ፈጠን አለች፤ አንዷን ሲመታ ሌላዋ ደርሳ ትጠብቀዋለች። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ወገቡ ጎበጠ። ግራ እጁ ቀድሞ ሄዶ አየር ጨበጠ፤ ራኬቱ ወደ ራሱ ተሳበ፤ ባዶው ጭብጥም ወደ ኋላ ሄዶ መሬት ላይ ተጋደመ። ደገመው። ሊተወው አልቻለም። የጎንደሩን ክለብ ያየው በአጥር ቀዳዳ ነው፤ የቀረውን የለቀመው ከስልክ ቪዲዮ ነው። ሰውነቱ አምኖ የተማረው ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ ያንንም የተማረው ወጣትነቱን በፈጀበት የሰው እርሻ ላይ ነው።

ሳና ስለ ሰሊጥ የምታውቀው የለም። "ወገብህ" አለችና ራኬቷን አስቀመጠች። ከካርቱም የተፈናቀሉ ተጫዋቾች ገዳሪፍ ውስጥ እንዳሉ፣ ከነሱ አንዱን ብትቀጥር እንደሚሻላት በትሕትና ነግራው መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ልጆቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለው ነበር። ዕፀገነት ኳሶቹን ለቃቅማ በቀሚሷ እንደያዘች መጣች።

"ኡስታዝ፣ እርስዎ የማን መሽሩዕ ላይ ነበሩ?" አለችው።

ቀና ብሎ ፊቷ ላይ ፌዝ ፈለገ። አላገኘም። የጠየቀችው የቀን ሠራተኛ የቀን ሠራተኛን እንደሚጠይቀው ነው። ያን ያህል ንቋት፣ ይህች ልጅ መናቅን እንኳ ከሱ አልተማረችም።

"ወድ ኤል ሒለው በኩል" አለ፣ ነጩን ኮፍያውን ወደ ዓይኑ እየሳበ።

"አባቴም እንደርስዎ አድርጎ ነው የሚያጋድም" አለችና ኳሶቹን አቀበለችው።