ራሃድ ያዛወረው ድንጋይ

ልጅ እያለሁ የራሃድ ወንዝ የሚሞላው እኛ የምንኖርባት የሱዳን መንደር መፋዛ ላይ ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ ወንዙ ውስጥ የቀሩት ኩሬዎች የዓሣ ክርፋት እየሸተቱ፣ አንድ ቀን ከላይ በኩል ጉርምርምታ ይመጣና ቀይ ውሃ ግንድ ተሸክሞ ይደርሳል። የሞተ በሬ ሲያገላብጥም አይቻለሁ። አባቴ ዳር ቆሞ «የአለፋ ዝናብ ነው፤ የእኛ ውሃ» ይል ነበር፣ ዘመድ እንደመጣለት ሰው ደስ ብሎት። ከድንበር ማዶ፣ ከአለፋ፣ በጦርነቱ ጊዜ የወጣ ሰው ነው፤ ከአገሩ ሊጠይቀው የሚመጣ ያ ውሃ ብቻ ነበር።

ውሃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን እርጥብ መሬት ይተዋል። ጅሩፍ ይሉታል፤ ባሚያ፣ ሎቢያና ሐብሐብ ያለ ዝናብ ይበቅልበታል። የመንደሩ ሼህ ከዚህ መሬት ለአባቴና ለአያ ሰይድ ጎን ለጎን ሰጧቸው። አያ ሰይድ ከአባቴ ጋር በእግሩ ድንበር የተሻገረ የቋራ ሰው ነው፤ ልጁ ዘይነብ ባልንጀራዬ ነበረች። ሌላው ገበሬ ድርሻውን የሚለየው ከላይ ካለ ዛፍ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው በማየት ነው። አባቴ ግን ድንበር ያለ ድንጋይ አይሆንለትም። በዚያ ጭቃ አገር ጠጠር እንኳ ስለማይገኝ ከዶካ ከተማ በሎሪ የሰው ራስ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ አስጭኖ አመጣና በሁለቱ መሬት መሃል ቀበረው። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲል እናቴ «ለእኔስ ድንጋይ አላቆምህልኝም» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ትምህርት ቤት ከፖርት ሱዳን የመጣ የጂኦግራፊ ኡስታዝ ነበረን። ባሕር ለምን ከፍና ዝቅ እንደሚል ሲያስተምረን ሳፋ ውስጥ ጭቃ ደልድሎ ውሃ ጨመረበት። በጥንት ዘመን የብስ ላይ ተከምሮ የነበረው በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩ እንዲህ ሞላ፤ ዳር የነበሩት ሸለቆዎች ሰጥመው መርከብ የሚገባባቸው ወደቦች ሆኑ አለን። ቀጥሎ ውሃውን ሳይነካ ጭቃውን በእጁ ተጫነው፤ ውሃው ያው ጭቃው ላይ ወጣ። መሬቱ ከታች ተገፍቶ ሲነሳ ደግሞ የድሮው የባሕር ዳር እንደ ደረጃ ከፍ ብሎ በደረቅ ይቀራል አለ። «ዳር የቆመ ሰው ውሃው ይነሳ መሬቱ ይውረድ አያውቅም» ብሎ ሳቀ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው «መሬት የትም አይሄድም» አለኝ።

የዚያ ዓመት ሙላት የመጣው ተቆጥቶ ነው። የወንዙ ዳር ገደል እየተገመሰ ሲወድቅ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። ውሃው ሲሸሽ የእኛ መሬት ግማሹ የለም፤ የአያ ሰይድ ደግሞ ሰፍቷል፤ የአባቴ ድንጋይ ከአዲሱ መሬት መሃል ተጋድሟል። ያን ዓመት ካልዘራን የሚቀረን ወደ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ተመልሶ ራሽን መጠበቅ ነበር። አባቴ እስከ ድንጋዩ ድረስ ሎቢያ ዘራ።

ሎቢያው ቅጠል ባወጣ ሰሞን አያ ሰይድ መጣ። «ውሃ ያንከባለለውን ድንጋይ ምስክር ታደርጋለህ?» አለው።

«አፈሩም የእኔ ነው። ከእኔ ተገምሶ አንተ ዘንድ ተኛ።»

አልዋሸም፤ አፈሩ የእኛ ነበር። አያ ሰይድ ድንጋዩን አነሳና ወንዙ ውስጥ ወረወረው። አባቴ ዶማውን አዙሮ በእጀታው መታው። ቀኝ ጆሮው ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ያመኛል። ደሙ ቡቃያው ላይ እየተንጠባጠበ አያ ሰይድ ተወርውሮ አባቴን አንገቱን አነቀው፤ ፊቱን ጭቃው ውስጥ ደፈቀው። አባቴ ሁለት ጥርሱን እዚያው ተፋ። እኔና ዘይነብም አልቀረንም፤ እሷ ፀጉሬን ስትነጭ እኔ ፊቷን እቧጭር ነበር። የገላገሉን የባሚያ ለቃሚ ሴቶች ናቸው።

ፖሊስ መጣ። ደም ያፈሰሰ ስደተኛ መጀመሪያ እስር ቤት፣ ቀጥሎ ካምፕ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። አያ ሰይድ በደም የራሰ ሻሽ ጆሮው ላይ ይዞ «ገደሉ ተደረመሰና ወደቅሁ፤ ወላሂ» አለ። ሶላት የማያልፈው ሰው በሐሰት ሲምል ስትሰማ እናቴ ተቀምጣ አለቀሰች።

በዓመቱ ራሃድ ያን ዳርቻ ሙልጭ አድርጎ ወሰደው፤ የእሱንም የእኛንም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የእኛው ግን ሳቅ እንኳ አላየንበትም። ሁለቱም ማሽላ አጨዳ ገቡ፣ በአንድ ሎሪ። የአያ ሰይድ ቀኝ ጆሮ ድጋሚ አልሰማም። አባቴ ይቅርታ ሲጠይቀው ሰምቼ አላውቅም። ብቻ ሎሪ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሻይ ቤትም ከአያ ሰይድ በግራ በኩል ይቀመጣል። ቦታውን ሰው ከያዘበት ቆሞ ይጠብቃል።

ዛሬ የምኖረው ፖርት ሱዳን ነው። ልጆቼ የሚጫወቱት ኡስታዙ በነገረን ደረጃ ላይ ነው፤ ዛጎል የሞላበት ነጭ ድንጋይ፣ ከባሕሩ ከፍ ብሎ የቀረ። ያኔ ያን ያህል ያጋደለን መሬት ግን ምልክቱ እንኳ የለም። አባቴ ከሞተ በኋላ መፋዛ ሄጄ አያ ሰይድን ኒም ዛፍ ሥር አገኘሁት። ትከሻውን ስሜ ባገኘሁት በኩል ተቀመጥሁና ስለ ልጆቼ ማውራት ጀመርሁ። እሱ ወንዙን ያያል። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና ግራ ጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ።

«በአባትሽ በኩል ተቀመጭ፣ ልጄ።»