ባልደራስ ያልኖረበት ቤት

ሐብተ ማርያም ኮርቻ ሰፊ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ወስፌና ቤት ነው። ወስፌው ብዙም አልጠቀመው፤ ጣሊያን ቢወጣም ማኪናው ስለቀረ፣ ጎንደር ውስጥ በበቅሎ የሚሄድ ሰው እያነሰ መጣ። ሥራው ሲከሳ እሱም አብሮ ከሳ። «ምነው ሐብቴ፣ አሞሃል እንዴ?» ሲሉት፣ «እኔስ ደኅና ነኝ፤ የታመሙት በቅሎዎቹ ናቸው» ይላል።

ቤቱ ግን ቤት ነበር። ከነገሥታቱ ግንብ ወረድ ብሎ፣ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አያቱ የሠራው የድንጋይ ሰቀላ ነው። አያቱ ድንጋዩን ከየት አመጣው ተብሎ አይጠየቅም። በዚያን ዘመን ከተማው የፈረሰ ግንብ ሞልቶት ነበር፤ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ የሚሄድ ሰው እንደ ቂል ነበር የሚታይ።

ሚስቱ አየለች ዓይነ ስውር ናት። ገና በሙሽርነቷ ዓይነ ማዝ የሚሉት በሽታ ይዟት ብርሃኗን አጣች። ታዲያ ዕውርነቷ ከደጃፍ ወዲያ ነው። ከደጃፍ ወዲህ እንደማንም ሰው ናት። ጓዳ ገብታ ትወጣለች፣ እሳት ታነዳለች፣ የወደቀ ወስፌ ታነሳለች፤ ባሏ ኮርቻውን ከቦታው ፈቀቅ አድርጎ ያስቀመጠ እንደሆነ «ይሄን ደግሞ ማን እዚህ አመጣው?» ትላለች። አንዴ ከመካነ ብርሃን የመጡ ዘመድ ቄስ በልተው፣ ጠጥተው፣ ባርከው ሲነሱ አየለች ልትሸኛቸው ወጣች። ደጃፉን ስታልፍ የባሏን ክንድ ያዘች። ቄሱ ወደ ሐብተ ማርያም ጠጋ ብለው፣ «ምነው፣ እግሯን ያማታል?» አሉት።

ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ሲሆነው፣ የከተማ ማሳመሪያ ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመ። ከተማው እስከዚያ ድረስ ማማር እንዳለበት አልሰማም ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ ዳኛው የሚባል፣ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ከረባት የሚያስር፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ባለቀለም እርሳስ ነበረው። ከተማውን በወረቀት ላይ ሥሎ፣ ጥንታዊውን በቀይ፣ ሱቅ የሚሆነውን በቢጫ፣ መኖሪያ የሚሆነውን በአረንጓዴ ቀባው። ቆዳ የሚነካ ሥራ ቀለም አልደረሰውም፤ ከከተማ ውጪ ይሁን ተባለ። ከዚያ ሠራተኛ አስከትሎ ሰፈሩ ውስጥ ችካል ይተክል ጀመር። አንዱ ችካል ሐብተ ማርያም ደጃፍ ላይ አረፈ።

«መንገዱ ሊሰፋ ነው» አለ ዳኛው፣ ቤት ገብቶ።

«ይስፋ። በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

«በዚህ ነው» አለና ከምድጃው ወደ አልጋው በእጁ አሳየው።

«በእግር ነው በማኪና?»

«በማኪና ነው እንጂ፣ አያ ሐብተ ማርያም።»

«እንግዲያው አልጋውን ጠጋ ማድረግ አለብኝ።»

ዳኛው አልሳቀም። ወደ ወለቃ መውጫ ምትክ ቦታ እንደሚሰጠው፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤትም ኮሚቴው እንደሚሠራለት በትሕትና አስረዳው። ኮሚቴው የማይነካው የነገሥታቱን ዘመን ቤት ብቻ ነው አለና ሄደ።

አየለች ጥግ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አላቆመችም።

«ሐብቴ።»

«ወይ።»

«ሌላ ቤት ከወሰዳችሁኝ ዓይኔ ይጠፋል።»

ሐብተ ማርያም ጋቢውን ደርቦ ወጣ፤ ሲራመድ ዋለ። በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቆሞ፣ ቤቱ የንጉሥ ባልደራስ የኖረበት ነው አለ። ባልደራስ ማለት የንጉሡ ፈረሶች አለቃ ነው፤ ኮርቻ ሰፊ ሲዋሽ ሩቅ አይሄድም።

«የየትኛው ንጉሥ ባልደራስ?» አለ ዳኛው።

«አንቱ የትኛውን ይወዱታል?»

«አያ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።»

«ብዙ ነገሥታት ያገለገለ ሰው ነው ለማለት ነው።»

ዳኛው መጥቶ ግድግዳውን ዞረ። ከኋላ በኩል አበባ የተቀረጸበት ድንጋይ አገኘና ፊቱ በራ። ድንጋዩ ከወደቀ ግንብ በአያትየው ትከሻ የመጣ ነው፤ ሐብተ ማርያም ይሄን ለመናገር የሚቸኩልበት ምክንያት አልታየውም። ኮሚቴው ሽማግሌ አቅርብ አለ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጓደኞቹ ናቸው፤ ነጋና ማሩ። ነጋ ጎረቤት ያለው ነገር ሁሉ የሚስማማው ሰው ነው። ማሩ ግን አንገራገረ።

«በሐሰት መማል ኩነኔ ነው» አለ።

«የዕውር ሴት ቤት ማዳንስ?»

«ጽድቅ ነው።»

«እንግዲያው ይቻቻላሉ።»

ማሩ አሰበበት። «ጽድቁ ይበልጣል?»

«በትንሹ።»

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ቄስ መስቀል ይዘው፣ ኮሚቴው ቆሞ አስማላቸው። ነጋ «ከአባቶቼ የሰማሁት ነው» ብሎ ዝም አለ። ማሩ ግን አፉ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋ ሰው አይደለም። ባልደራሱ ንጉሡ የሚወዱትን ግራጫ ፈረስ ብርድ እንዳይመታው እዚያው ቤት ውስጥ ያሳድረው ነበር አለ። ፈረሱ ከነኮርቻው፣ አንገቱን ሳይሰብር በፊት በር ይገባ ነበር፤ ውስጡም አንድ ወጥ አዳራሽ ነበር አለ። ዳኛው ይጽፋል። ሐብተ ማርያም የማሩን ጋቢ ከኋላ ሳብ አደረገው። ማሩ የፈረሱን ስም ጨመረ።

ኮሚቴው አመነ። ችካሉ ተነቀለ። የተነቀለ ችካል ደግሞ የሆነ ቦታ መተከል አለበት፤ መንገዱ ጎበጥ ብሎ በጎረቤቱ በሙሚና ቤት ላይ አለፈ። ሙሚና ባሏ የሞተባት ክር ነጋዴ ናት፤ መጀመሪያ ችካሉ የነካባት አጥሯን ብቻ ነበር። መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አያ ሐብቴ፣ ለእኔም አንድ ባልደራስ አበድረኝ።»

«ሙሚና፣ እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም።»

«ግድ የለም፣ አሮጌም ቢሆን እወስደዋለሁ።»

«ሽማግሌ ብታቀርቢ ምናልባት ይሰሙሽ ይሆናል።»

«የኛ ሽማግሌዎች አስቸጋሪ ናቸው። ያላዩትን አይምሉም።»

አየለችን ስማ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ቤቷ ፈረሰ፤ እሷም አዲስ ዓለም ሰፈር እህቷ ዘንድ ገባች። ግድግዳዋ ሲወድቅ የሐብተ ማርያም ምሰሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ ወስፌውን ይዞ ተቀምጧል፤ የሚሰፋ ኮርቻ አልነበረውም።

አቧራው ሳይበርድ ዳኛው ፈገግ ብሎ መጣ።

«እንኳን ደስ አለዎት። ቤትዎ ቀይ ሆኗል።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ታዲያ መቼ ይወጣሉ?»

ሐብተ ማርያም ችካሉ የተነቀለለት መስሎት ነበር። «ወዴት?» አለ።

«ያው ወደ ወለቃ መውጫ ነዋ። ጥንታዊ ቤት ውስጥ ሰው አይኖርበትም እኮ፣ አያ። እሳት አለ፣ ጢስ አለ፣ ቆዳ አለ። ታሪኩ ይበላሻል።»

ያን ዕለት ሐብተ ማርያም በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ሹሞች ፊት ሄዶ እውነት ተናገረ። ቤቱን የሠራው አያቴ ነው፣ ባልደራስ የሚባል አልነበረም፣ ዋሽቻለሁ አለ። ዳኛው በሐዘኔታ አየው።

«አያ፣ ቤቴ ጥንታዊ ነው ብሎ የሚዋሽ ሞልቷል። አይደለም ብሎ የሚዋሽ ግን እርስዎን ብቻ አየሁ።»

«እውነቴን ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹ በሐሰት ነው የማሉት? በሐሰት መማል እንደሚያሳስር ያውቃሉ? ይምጡና እነሱው ይንገሩን።»

ነጋ ይሄን ሲሰማ ቆላ ያለ ማሳውን ሊያይ ወረደ፤ ማሳ እንዳለው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማሩን ግን ሐብተ ማርያም እቤቱ አገኘው።

«ሐብቴ» አለ ማሩ ረጋ ብሎ፣ «ቤቱ እኮ የባልደራስ ነው።»

«ማሩ፣ እዚህችው ተቀምጠን አብረን አይደለም እንዴ የፈጠርነው?»

«እሱን አላስታውስም። ፈረሱን ግን አስታውሳለሁ።»

ሐብተ ማርያም ፊቱን ትክ ብሎ አየው። ቀልድ የለበትም።

ክረምት ሳይገባ ወጡ። አዲሱ ቤት ሸጋ ነው፤ ዳኛው አልዋሸም። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። አየለች ቀጥ ያለ ግድግዳ ምን እንደሚያደርግላት አላወቀችም። በገባች ዕለት እጇን እሳት ውስጥ ከተተች። ከዚያ ግንባሯ ከበሩ መቃን ጋር ተዋወቀ። ውሃ ልቅዳ ብላ ተነስታ፣ ቤቷ ውስጥ ቆማ «ሐብቴ፣ ወዴት ነኝ?» ማለት ጀመረች።

የባሰው የመጣው ከዝናቡ ጋር ነው። የድሮው ጣራ ሣር ስለነበር ዝናብ ሲጥል አይሰማም። እዚህ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። አየለች የቀራት ጆሮዋ ነበር። በጣለ ቁጥር ባለችበት ቁጭ ትልና ምሰሶውን ታቅፋለች። ባሏ መጥቶ ሲነካት እሱ ይሁን ሌባ ስለማታውቅ ትጮሃለች። ስሟን እየጠራ መምጣት ለመደ፤ ዝናቡ ግን ድምፁንም ዋጠው።

መስከረም ጠብቶ የድሮው ቤት ታድሶ ሲያልቅ፣ ኮሚቴው ለእንግዳ የሚከፍትና የሚያስረዳ ዘበኛ ፈለገ። ዳኛው ክፉ ልጅ አይደለም። «ከእርስዎ የተሻለ ማን ያውቀዋል?» ብሎ ቁልፉን ለሐብተ ማርያም ሰጠው። ሐብተ ማርያም ደመወዙ ስንት ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። እንግዳ በማይኖርበት ቀን አየለች ገብታ ትውላለች፤ ሌላ የታየው ነገር የለም። እድሳቱን ከውጪ እንጂ ከውስጥ አላየም ነበር። ለእሷ ሲነግራት ቅቤ ተቀብታ፣ ነጠላዋን አጥባ ጠበቀች።

ሄዱ። ደጃፉ ሲደርሱ ሐብተ ማርያም ቁልፉን አዙሮ በሩን ገፋው። በሩ ለፈረስ እንዲበቃ ተደርጎ ሰፍቷል። ጓዳውን የሚከልለው ግድግዳ ፈርሷል፤ መደቡም ምድጃውም የሉም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ማሩ እንደማለው፣ አንድ ወጥ አዳራሽ።

አፉን ሳይከፍት አየለች እንደ ልማዷ ክንዱን ለቃ ገባች። እንደ ልጃገረድ ፈጥና ነው የገባችው። እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች፤ ግድግዳ የለም። አንድ ራመድ ብላ እንደገና ሰደደች። ከዚያ አዳራሹ መካከል ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ሐብቴ።»

«ወይ።»

«የማን ቤት ነው ይሄ?»

የኛ ነው ቢላት ቤቷ እዚያው እጇ ላይ ያልቃል።

«ተሳስቼ ነው። ቁልፉ የሌላ ቤት ኖሯል። የሰጡኝ ሰዎች አምታተውት ነው።»

«ምን ዓይነቱ ነህ? ሰው ቤት አስገብተህ ልታዋርደኝ? ና አውጣኝ፣ ባለቤቶቹ ሳይመጡ።» ክንዱን ያዘች። «የኛውስ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ጓዳው?»

«እንዳለ ነው።»

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ቁልፍ መጣ ወይ ትለዋለች። ዳኛው አዲስ አበባ ወርዷል ይላታል። ሲመለስስ? ሲመለስ አሞታል። ዳኛው በአየለች ቤት ያልታመመው በሽታ የለም።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ከደጅ ልትመለስ ስትል አቅጣጫው ጠፍቷት ከቤቱ በታች ያለው ገደል ውስጥ ወደቀች። ጠርታው ይሆናል። ሐብተ ማርያም እቤት ነበር፤ የሰማው ቆርቆሮውን ብቻ ነው።

ሙሚና ከአዲስ ዓለም በእግሯ ለቅሶ መጣች። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለእሷ ብዬ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

ከአርባዋ በኋላ ሥራው ላይ ተመለሰ። ባርኔጣ ያደረጉ እንግዶች ይመጣሉ፤ እሱ ይናገራል፣ ዳኛው ያስተረጉማል። ግራጫው ፈረስ እዚህ ነበር የሚያድረው፣ ኮርቻው እዚህ ይሰቀል ነበር ይላል። አንድ ቀን አንዷ እንግዳ፣ ባልደራሱ ሚስት ነበረው ወይ ብላ ጠየቀች።

ዳኛው ሐብተ ማርያም ጥያቄውን ያልሰማ መስሎት ደገመለት።

«ነበረችው» አለ። «ዓይነ ስውር ነበረች። እዚህ ቤት ውስጥ ግን አይታወቅባትም ነበር።»

እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲሄዱ ዳኛው ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«ይሄን ነግረውኝ አያውቁም፣ አያ። ለሚመጡትም ይጨምሩላቸው። ስሟን ያውቁታል?»

ሐብተ ማርያም በሩን እየዘጋ ነበር፤ ስለሰፋ ብቻውን ለሚዘጋው ሰው ይከብዳል።

«አላውቀውም» አለ።