የተበየደው ወገብ

ታላቅ እህቴን ተማሪዎቿ «ክብሪት» ይሏታል። ኮሌጅ ውስጥ ባዮኬሚስትሪ ስታስተምር ጸጉሯ ሸበተ እንጂ ቁጣዋ አልሸበተም። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የመጨረሻውን ትምህርት የምትሰጥበት ቀን ነውና፣ ደስ እንዲላት ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ደስታው ከአዲሱ ሕንጻ መግቢያ አላለፈም።

መግቢያው ላይ ከጣሪያው በሁለት ሽቦ የተንጠለጠለ ትልቅ የብረት ቅርጽ አለ። በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ካልሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን አምሳል ነው። ያሠራችው እህቴ ናት። የእኔ ትምህርት ታሪክ ስለሆነ እንደ ሕፃን ነበር ያስረዳችኝ። በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት መዳፎች አሉ፤ በየመዳፉ ደግሞ ሁለት ሁለት የካልሲየም ጎጆ። ካልሲየም ጎጆው ውስጥ ሲገባ ተጨብጦ የነበረው መዳፍ ይከፈታል። ያን ጊዜ መዳፎቹን የሚያገናኘው ወገብ ይታጠፍና ሁለቱ መዳፎች ሌላ ፕሮቲን ግራና ቀኝ እቅፍ ያደርጋሉ። «አንጀትህ የሚላወሰው በዚህ እቅፍ ነው» አለችኝ። «እሱ ሳይታጠፍ ቢውል አንተም አትውልም።»

መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ግን ዱላ እንደዋጠ ሰው ቀጥ ያለ ነው። ፕሮቲኑ ክሪስታል ሆኖ በረጋበት የተገኘ ምስል ነውና። ውሃ ውስጥ፣ ማለትም እኛ ውስጥ፣ ወገቡ አርፎ አይቀመጥም። እህቴን ዕድሜ ልኳን ሲያንጨረጭራት የኖረው ይሄ ነው። «የሬሳ ፎቶ አይተው ሰውዬው እንዲህ ነበር የሚራመደው ይሉኛል» ትላለች። ስለዚህ የሕንጻውን ብረት በያጅ ለምና፣ ወገቡን በብስክሌት ሰንሰለት አሠራችው። በመጨረሻው ትምህርቷ ቅርጹ በተማሪዎቿ ፊት ሊታጠፍ ነው። ሌላ ስንብት አልፈለገችም።

ገባችና አንዱን መዳፍ ገፋችው። ቅርጹ በሞላ እንደ በር መወርወሪያ አንድ ላይ ዞረ። ጠጋ ብላ ወገቡን ዳሰሰችው። ገና ካልደረቀው ሰማያዊ ቀለም ሥር ሰንሰለቱ አንድ በአንድ ተበይዷል።

ፊቷ ሲለዋወጥ ሳይ አባታችን ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን የጓሮው በር ማጠፊያ እየላላ ሲያስቸግረው በሩን በብየዳ ዘጋው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይሰበራል ይል ነበር። እናታችን ውሃ ለመቅዳት በጎረቤት ዞራ ስትሄድ፣ እህቴ ግን በአጥሩ ትዘል ነበር። ቀሚሷ በተቀደደ ቁጥር ትገረፋለች፤ በማግስቱ ያው ትዘላለች።

በያጁ ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት ሲሠራ አገኘችው። የታዘዘውን እንደሠራ ነገራትና ማን እንዳዘዘው በአገጩ አመለከታት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ክራባቱን እያስተካከለ ይመጣል። የእሷው ተማሪ የነበረ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ሳላማክርዎ ያደረግኩት ለደኅንነት ብዬ ነው» አላት። ተማሪዎች ጣታቸውን ቢቆነጥጣቸው ተጠያቂው እሱ ነው፤ ከሰዓት ደግሞ ሕንጻውን የሚመርቁ እንግዶች ይመጣሉ፤ ለዓይንም ቢሆን ቀጥ ሲል ያምራል። «የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ መሰበሩ አይቀርም።»

የአባታችንን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ ደነገጥኩ። እህቴ አልደነገጠችም፤ ጥርሷን ነከሰች።

«ፈተና ላይ ወገቡ ይታጠፋል ብለህ ጽፈህ ነው ያሳለፍኩህ። ገብቶህ ነበር ወይስ ሸምድደህ ነው?»

«ያኔ ተማሪ ነበርኩ እኮ፣ እትዬ።»

መልሱን ስትሰማ ቁጣዋ ጸጥ አለ፤ ጸጥ ያለ ቁጣዋ ደግሞ ከጮኸው ይብሳል። በያጁን ቁረጠው አለችው። እሱ ኃላፊውን አየ፤ ኃላፊው አዲሱን ወለል አየና ራሱን ነቅንቆ እንቢ አለ። ተማሪዎች ለክፍል እየመጡ ደረጃው ላይ ተኮልኩለዋል። እህቴ ጎንበስ ብላ የበያጁን ብረት መቁረጫ ግራይንደር አነሳች፣ ቅርጹ አጠገብ የቆመውን መሰላል ወጣች፣ ማሽኑን በተገላቢጦሽ ይዛ አስነሳችው።

«ኧረ እንዲህ አይያዝም! እጅዎን ይበላዋል!» ብሎ በያጁ ዘሎ ተቀበላት። አንዴ ከተቀበላት በኋላ መቁረጡን ራሱ ጀመረው። የእሳቱ ፍንጣሪ ወለሉ ላይ እየዘነበ፣ «እጃቸው እንዳይቆረጥ ብዬ ነው ጌታዬ፣ ለሌላ አይደለም» እያለ ወደ ኃላፊው ይጮኻል። የተበየደው ሰንሰለት ወድቆ ወለሉን ፈነከተው። ሌላ ሰንሰለት ስላልነበረ በያጁ የራሱን ብስክሌት ሰንሰለት ፈታ። ዛሬ በእግሬ ልገባ ነው እያለ አጉረመረመ እንጂ፣ አጥብቆ አሰረው።

እህቴ በካልሲየም ምትክ ያሠራቻቸውን አራት ቀያይ ኳሶች በየጎጆው ከተተቻቸው። መዳፎቹ ተከፈቱ። ዞር ብላ በሚታቀፈው ፕሮቲን ምትክ የሚሆን ባለ እንጨት መጥረጊያ ፈለገችና ለኃላፊው ሰጠችው።

«እንጨቱን መሃል ያዝልኝ።»

ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ መሰለኝ፤ ሳያንገራግር ያዘ። እህቴ ገፋ ስታደርገው ወገቡ ታጠፈ፤ ሁለቱ መዳፎች ከግራና ከቀኝ መጥተው እንጨቱን ቀጨም አደረጉት። ደረጃው ላይ አንዱ ተማሪ ቀስ ብሎ «ውይ» አለ። እህቴ ፈገግ እንኳ አላለችም።

«ቆነጠጠህ?»

«አልቆነጠጠኝም።»

«እንግዲያው ሂድና እንግዶችህን ተቀበል።»

ቅርጹ አሁንም እዚያው ተንጠልጥሏል። አጠገቡ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎለታል፤ የመዳፎቹ ቀለም ግን ከመነካት ብዛት ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ገፋ አደርገዋለሁ። እህቴ ቤት ስሄድ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «በየዱት?» ትለኛለች።

አልበየዱትም እላታለሁ።

«ይሞክሯታ» ትላለች፤ ጡረታ በወጣች በስንት ዓመቷ፣ አሁንም አጥር ልትዘል የተነሳች ይመስል።